የጡት ካንሰርን በብርሃን መፈለግ ለውርጌሳ ሴት ምን ይጠቅማታል?

ማታ መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ መዳፉ ሥር አድርጎ ያላበራ ልጅ አይኖርም። ነጩ መብራት በአንድ ወገን ይገባል፤ በሌላው ወገን ጣቶች ፍም መስለው ይታያሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ደም ውጦ ያስቀረዋል፤ ቀዩ ግን ሥጋውን አልፎ ይወጣል። የጡት ካንሰርን በብርሃን ለመለየት የሚደረገው፣ መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጥረት የተነሣው ከዚህ የልጆች ጨዋታ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

በየጊዜው አንድ ዓይነት ዜና በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ያለ ጨረር፣ ያለ ሕመም፣ በደቂቃዎች ውስጥ የጡት ካንሰርን የሚለይ የብርሃን መሣሪያ ተሠራ የሚል። ከሥሩ «ለአገራችን ይምጣልን» የሚሉ አስተያየቶች ይደረደራሉ። ምኞቱ መልካም ነው። ግን መጥቶ የት ይቀመጣል? ማንን ይመረምራል? «ያጠራጥራል» ካለ በኋላስ ሴትየዋ ወዴት ትሄዳለች? የዚህን መልስ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከመፈለግ ውርጌሳ ላይ ቆሞ ማየት ይሻላል።

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ውጫሌ ታልፎ መርሳ ከመድረሱ በፊት የምትገኝ የሐብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስሟ በዜና ደጋግሞ ይጠራ ስለነበር ብዙ ሰው የሚያውቃት በዚያ ነው።

አንዲት የአካባቢው እናት፣ ዕድሜዋ አርባ ገደማ፣ ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ላይ ባቄላ የሚያክል ጠጣር ነገር አገኘች እንበል። አያማትም። ስለማያማትም ለማንም አትናገርም። ከወራት በኋላ ቡና ላይ ለጎረቤቷ ታነሣዋለች። «አብሽሪ እቴ፣ ልጅ ስታጠቢ የቀረ ወተት ነው» ትላታለች ጎረቤቷ፣ ከልቧ ልታጽናናት ፈልጋ። አንዷ ጠበል፣ አንዷ ዱዓ፣ አንዷ ቅጠል የሚቀጠቅጥ ሰው ትጠቁማታለች። ዓመት አልፎ እብጠቱ ቆዳውን ወደ ውስጥ መሳብ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ትባላለች። ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤቱ ይጠበቃል። ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ አዲስ አበባ። በመካከል በሬ ይሸጣል። መንገድ የሚዘጋበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ በሬውም ተሽጦ ቤት መቀመጥ አለ።

ሴትየዋ በምናብ የተሣለች ናት፤ ቁጥሩ ግን ምናብ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 አዲስ አበባ ላይ በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት ነበር። ዕድሜያቸው መሐል ላይ ሲለካ 43 ነው። ሲመጡ የነበረው ዕጢ በአብዛኛው አምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ደረጃቸው ከተመዘገበላቸው ውስጥ ከአሥሩ ሰባቱ የመጡት በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ ላይ ሆነው ነው። በመጀመሪያው ደረጃ የደረሱት ከመቶ አራት ብቻ ናቸው። እነዚህ እንግዲህ አዲስ አበባ መድረስ የቻሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. ለ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ በዓመት 16 ሺህ ያህል ሴቶች በጡት ካንሰር ይያዛሉ፤ 9 ሺህ ያህሉ ይሞታሉ።

አምስት ሴንቲ ሜትር ማለት ደህና ሎሚ ማለት ነው። ሎሚ የሚያክል እብጠት ለማግኘት ሌዘር አያስፈልግም። ስለ ብርሃን መሣሪያ የሚነሣው ወሬ ሁሉ መጀመሪያ የሚጋጨው ከዚህ እውነት ጋር ነው።

ይህ ማለት ብርሃኑ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። የሚጠቅምበት ቦታ ግን ብዙ ሰው የሚያስበው ቦታ አይደለም። ይህን ለማየት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራና የት የት እንደወደቀ ማወቅ ያስፈልጋል።

ማክስ ከትለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1929 በጨለማ ክፍል ውስጥ ከጡት ሥር ጠንካራ መብራት አብርቶ ከላይ በኩል የሚታየውን ጥላ አጠና። ውኃ የቋጠረ እብጠት ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠጣር ዕጢና የተጠራቀመ ደም ይጠቁራል። ብልኃቱ ቢያምርም መብራቱ ያሞቅ ነበር፤ ጥላውም ድንግዝግዝ ነው። ሐሳቡ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ካሜራና ኢንፍራሬድ ተጨምሮለት ተመለሰ። ስዊድን ውስጥ በበርካታ ሆስፒታሎች ከ2,500 በሚበልጡ ሴቶች ላይ ከማሞግራፊ ጋር ጎን ለጎን ተፈተነና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። ብርሃኑ ከማሞግራፊ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣንም ጡትን በብርሃን የሚያሳዩ መሣሪያዎችን ከሁሉ የጠበቀ ቁጥጥር በሚጠይቀው ምድብ ውስጥ አስቀመጣቸው።

ችግሩ ምንድን ነው? ብርሃን ሥጋ ውስጥ እንደ ኤክስሬይ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን በሚሸፍነው ጉም ውስጥ የሚመጣ መኪና መብራቱ ይታያል፤ መኪናው ሚኒባስ ይሁን ኤፍኤስአር ግን አይለይም። ጡት ውስጥ የገባ ብርሃንም እንዲሁ ነው። ይበተናል፤ ሺህ ጊዜ ይጋጫል። ስለዚህ ትንሽና ጥልቅ ያለ ዕጢ ከጉሙ ጀርባ ይቀራል። በመጀመሪያው ደረጃ መገኘት ያለበት ደግሞ ያው ትንሹ ዕጢ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳይንቲስቶቹ መንገድ ቀየሩ። መልክ ማየቱን ትተው መለካት ጀመሩ። ከ650 እስከ 950 ናኖ ሜትር ባለው የብርሃን ክልል ውስጥ ሥጋ ብርሃንን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያሳልፋል። በዚያ ክልል ኦክስጅን የተሸከመ ሄሞግሎቢንና ኦክስጅን የተራገፈለት ሄሞግሎቢን ብርሃንን የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። ውኃና ስብም የየራሳቸው አሻራ አላቸው። ካንሰር ለማደግ አዳዲስ የደም ሥሮችን ወደ ራሱ ይስባል፤ ኦክስጅኑን ፈጥኖ ይጨርሳል። ስለዚህ በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ የብርሃን ዓይነቶች እየለኩ በዚህ ቦታ ደም በዝቷል፣ ኦክስጅን አንሷል ማለት ይቻላል።

ይህ ለውርጌሳ እንግዳ ነገር አይደለም። በኮቪድ ጊዜ ሁሉም ሰው ያያት፣ ጣት ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ የምትሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩዎ አዎያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፈለሰፈው ሐሳብ ነው፤ አንድ ቀይ መብራት፣ አንድ ኢንፍራሬድ፣ መሐል ላይ ጣት። ዛሬ ርካሽ ሆና በየጤና ተቋሙ ትገኛለች። የብርሃን መሣሪያ ደጋፊዎች ተስፋም ይኸው ነው፤ ጣት ላይ የሆነው ጡት ላይም ይሆናል።

ነገር ግን ያችው የጣት መለኪያ አንድ ትምህርት ሰጥታለች። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በታዋቂው የኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት መለኪያዋ «ደህና ነው» ብላ ባለፈቻቸው ታካሚዎች ላይ የደም ምርመራውን አስተያየ። ኦክስጅናቸው በአደገኛ ደረጃ ወርዶ ሳለ መለኪያዋ ያላወቀችባቸው ነጮች ከመቶ 3.6 ሲሆኑ ጥቁሮች 11.7 ነበሩ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሜላኒን፣ ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ራሱ ብርሃን ይውጣል። መሣሪያዎቹ ሲሠሩ በብዛት የተፈተኑት በነጭ ቆዳ ላይ ነበር። ይህ እስኪታወቅ መሣሪያው ገበያ ላይ ከዋለ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ባለሥልጣኑ አምራቾች ጥቁር ቆዳ ያላቸውን ሰዎች በበቂ ቁጥር አካትተው እንዲፈትኑ የሚጠይቅ ረቂቅ መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው።

ጣት እንዲህ ካሳሳተ፣ ከቆዳ ሥር በሴንቲ ሜትሮች ርቆ የተቀመጠ ዕጢ ላይ የሚበራ ብርሃንስ? አንዳንድ አምራቾች የቆዳን ቀለም አስልተው የሚያርሙበት ዘዴ እንዳላቸው ይናገራሉ። ይኑራቸው። በካሊፎርኒያ ሴቶች ላይ የተስተካከለ መሣሪያ በወሎ ሴት ላይ ይሠራል ብሎ ማመን ግን እምነት እንጂ ማስረጃ አይደለም።

የሐብሩ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። በዚያው ወረዳ የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። አቀንጭራ የሚባለው አረም የማሽላን ሥር እየጠባ ገበሬውን ባዶ እጁን ሲያስቀረው፣ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ የመሩት ምርምር አረሙን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አፈራ። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙ ናቸው። ያም ሆኖ ዘሩ ከፐርዱ ተጭኖ በቀጥታ ገበሬ እጅ አልገባም። በኢትዮጵያ አፈር፣ በኢትዮጵያ ዝናብ፣ በኢትዮጵያ አቀንጭራ ላይ ተፈትኖ ነው «ጎብዬ»፣ «አብሽር»፣ «ብርሃን» የሚሉ ስሞች ወጥተውለት የተለቀቀው። (አንዱ ዝርያ «ብርሃን» መባሉ ከዚህ ጽሑፍ ጋር መገጣጠሙ አጋጣሚ ነው።) ለማሽላ የተደረገው ጥንቃቄ ለጡት ሊያንስ አይገባም።

ወደ ሎሚዋ እንመለስ። ሎሚዋን ባቄላ ሳለች ለመያዝ ምን ይሠራል?

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎረቤት ሱዳን ገዚራ ውስጥ የተደረገ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 የመንደር በጎ ፈቃደኛ ሴቶች ጡትን በእጅ መመርመር ተማሩና ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። ከ10 ሺህ በላይ ሴቶችን መረመሩ። 138 ሴቶች ላይ የሚያጠራጥር ነገር አገኙና ወደ ወድ መዳኒ የካንሰር ማዕከል ላኩ። 118ቱ ሄዱ። 17ቱ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ከእነሱም የስምንቱ ገና ከተነሣበት ቦታ ያልወጣ ነበር። መሣሪያው የሴት ጣት ነው። ልብ የሚያስፈልገው ግን ከጣቶቹ ጀርባ የነበረው ነገር ነው፤ ወድ መዳኒ ቅርብ ነበረች፣ የምትቀበልም ነበረች። ያቺ ከተማ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ተይዛ ነበር። የደሴና የወልዲያ ሆስፒታሎች ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የደረሰባቸውን ዝርፊያ ለሚያውቅ ሰው ታሪኩ ሩቅ አይሆንም።

ሕንድ ሙምባይ ውስጥ ደግሞ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉበት፣ ሃያ ዓመት የፈጀ ጥናት ተደርጓል። የሠለጠኑ የአካባቢ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ በእጅ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ውጤት ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሴቶች ሞት በ30 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች በሆኑት ላይ ግን ይህ አልታየም። እዚህ ላይ ሐቁን መሸፋፈን አይገባም። የእኛ ታካሚዎች ወጣት ናቸው። ጣት ብቻውን ተአምር አይሠራም። ማሞግራፊም ለወጣት ጡት ደካማ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ጡት በኤክስሬይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ዕጢውም ነጭ ነው፣ ነጭ በነጭ ላይ ይጠፋል። የብርሃን ተሟጋቾች ትክክለኛ ክርክር የሚያቀርቡት እዚህ ጋ ነው፤ ሊደመጡም ይገባል።

ታዲያ ብርሃኑ የት ይጠቅማል? ሁለት ቦታ።

አንደኛው፣ እብጠቱ ከተገኘ በኋላ ነው። በወጣት ሴቶች ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም። ሁሉንም ለናሙና ወደ ከተማ መላክ ቤተሰብ ያደኸያል፤ ሆስፒታሉንም ያጨናንቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘ አንድ መሣሪያ አለ። የሌዘር ብልጭታ ወደ ጡት ይልካል፤ ብልጭታውን የዋጠው ደም ለቅጽበት ሞቆ ሲለጠጥ ድምፅ ያወጣል፤ ያንን ድምፅ አልትራሳውንዱ ይሰማል። ብርሃን ጉም ውስጥ ይበተናል፣ ድምፅ ግን ብዙም አይበተንም፤ ስለዚህ ምስሉ ይጠራል። ልብ በሉ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ጤነኛ የሚመስሉ ሴቶችን ሁሉ ለማጣራት አይደለም። ቀድሞ የተገኘ እብጠት ያጠራጥራል ወይስ አያጠራጥርም ለሚለው ጥያቄ ሐኪሙን ለመርዳት ነው።

ሁለተኛው ስፍራ ግን ለኢትዮጵያ ከሁሉ የሚቀርበው ሆኖ ሳለ ማንም አያነሣውም። ዕጢው ትልቅ ሆኖ ሲመጣ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምና በፊት ኬሞቴራፒ ይሰጣሉ፤ ዕጢው እንዲያንስ። መድኃኒቱ በሁሉም ላይ እኩል አይሠራም። ሀብታም አገር በኤምአርአይ ይከታተላል። እኛ ጋ ግን ሐኪሙ በእጁ እየዳሰሰ ይገምታል፤ ለወራት መርዝ ወስዳ ምንም ያልተለወጠላት ሴት የምታውቀው በስተመጨረሻ ነው። በአሜሪካ በበርካታ ማዕከላት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ጡት ላይ ተደግፎ የሚለካ የብርሃን መሣሪያ ኬሞው እየሠራ መሆን አለመሆኑን በሕክምናው አጋማሽ ላይ ሊጠቁም እንደሚችል አሳይቷል። የታካሚዎቹ ቁጥር ጥቂት ደርዘን ብቻ ስለነበር ገና የሚረጋገጥ ነገር አለው። ቢሆንም አመክንዮው ጠንካራ ነው። ዕጢው ትልቅ ስለሆነ ጉሙ ብዙም አያስቸግርም። ሴትየዋ የምትወዳደረው ከራሷ ጋር ነው፤ ዛሬ የተለካው ከባለፈው ወር ጋር ይተያያል፣ ቆዳዋ ያው የራሷ ቆዳ ነው። የቀለሙ ስሕተት ሙሉ በሙሉ ባይጠፋ እንኳ ብዙውን ጊዜ ይጣፋል።

ኬሞቴራፒ ከጥቁር አንበሳ ወጥቶ በክልል ሆስፒታሎችም መሰጠት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከአሥር ሰባቷ ዘግይታ በምትመጣበት አገር የብርሃን መሣሪያ የመጀመሪያ ወንበሩ እዚያ፣ ኬሞ ክፍል ውስጥ መሆን አለበት። ሁለተኛ በሬ ለማይሠራ መድኃኒት እንዳይሸጥ። ውርጌሳ ጤና ጣቢያ ላይ ማስቀመጥ ግን ለጊዜው ፎቶ ለመነሣት ካልሆነ በቀር ትርጉም የለውም።

«ፓራሲታሞል በጠፋበት አገር ስለ ሌዘር ይወራል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህም ልክ አይደለም። ሞባይል የመጣው የቤት ስልክ ለሁሉም እስኪዳረስ ጠብቆ አልነበረም። ደግሞም ዝም ማለት ሜዳውን ለነጋዴ መልቀቅ ነው። በእጅ የሚያዝ ቀይ ባትሪ በውድ ዋጋ እየሸጡ «ራስሽን መርምሪ» ማለት በሌላው ዓለም የታየ ንግድ ነው። የጡትን ሙቀት በካሜራ አንሥቶ ካንሰር መለየት ይቻላል የሚሉም አሉ፤ የአሜሪካው ባለሥልጣን ይህ ማሞግራፊን አይተካም ብሎ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። «ምንም የለብሽም» የሚል የሐሰት ውጤት ይዛ የተመለሰች ሴት ጭራሽ ካልተመረመረችው የበለጠ ትዘገያለች። ስለዚህ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ዕቃ ጉምሩክ ከመድረሱ በፊት አቋሙን ቢያሳውቅ መልካም ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጡት ካንሰር እቅዱን ሲያወጣ ሦስት መለኪያ አስቀምጧል። ከካንሰሮቹ 60 ከመቶው በመጀመሪያና በሁለተኛ ደረጃ ላይ እንዲገኙ፤ ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጤና ተቋም ከረገጠችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ፤ 80 ከመቶዎቹ ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ። መሃለኛው፣ የ60 ቀኑ፣ ውርጌሳ ላይ ዛሬውኑ ሊቆጠር የሚችል ነው። ሌዘር አይጠይቅም፤ መዝገብና ስልክ ይበቃል። በየቀበሌው ሁለት ሆነው ከክትባት እስከ መጸዳጃ ቤት የተጫነባቸው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ግፍ ነው ከተባለ፣ የገዚራውን መንገድ መከተል ይቻላል፤ ከየመንደሩ ሁለት ሴቶች፣ ጥቂት ሥልጠና፣ የሞባይል ካርድ።

ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይወጣል። ጤና ጣቢያው ያጠራጠረችውን ሴት ስም ይመዝግብ። ሆስፒታሉ ቀጠሮ የሚሰጥበት አንድ የታወቀ ቀን በሳምንት ይኑረው። ናሙናው ተወስዶ ወደ ፓቶሎጂ ሲላክ ሴትየዋ ውርጌሳ ቤቷ ትመለስ፤ ውጤቱን ፍለጋ ሦስት ጊዜ መኪና አትሳፈር፣ ለጤና ጣቢያው ይደወልለት። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የብርሃን መሣሪያውን ከሠሪዎቹ ጋር ተስማምተው ያምጡና ኬሞ ላይ ባሉ ታካሚዎች ላይ፣ ከአልትራሳውንድና ከፓቶሎጂ ውጤት ጋር እያስተያዩ ይፈትኑት። ጠቆር ባለችውም ቀላ ባለችውም ላይ። መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣና ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ውሉ ላይ ይጻፍ። በየሆስፒታሉ ጓሮ ሸራ ለብሶ የቆመው ዕቃ አንድ ጊዜ አዲስ ነበር።